ጋቢና የሌላት ጀልባ

ሐበሻ ገነት በር ላይ ቢደርስ በረኛውን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጋቢና ባዶ ነው?» ብሎ ይመስለኛል። አትሳቁ፤ ራሳችሁን ታዘቡ። መኪና ሲቆም ዐይናችሁ ቀድሞ የሚሮጠው ወዴት ነው? ከሾፌሩ ጎን ወዳለችው ወንበር አይደለም? እዚያች ወንበር ላይ የተለየ ነገር የለም። አቧራው ያው ነው፣ ሙቀቱ ያው ነው፣ እንዲያውም የሞተሩ ግለት እግር ይጠብሳል። ግን ጋቢና ጋቢና ነው! እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ከሃይማኖት ተራ ገብቷል። በሰሊጥ ሎሪ ብትሄዱ ጋቢና የሚገባው ሽማግሌ፣ ቄስ፣ ሼህ፣ ነፍሰ ጡርና ወኪል ነው፤ ላይ የሚጫነው ፍየል፣ ጆንያና እንደ እኔ ያለው ነው። ጋቢና በሌለው ትራክተር እንኳ፣ ጭቃ መከላከያው ላይ ከነጂው ጎን ቁጢጥ ብሎ የሚሄደው ሰው ተጎታቹ ላይ ከቆሙት ሠራተኞች ሁሉ የበለጠ ሰው ነው። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፤ የሚሽረውም የለም። እኔ የማወጋችሁ ይኸው ሕግ ሚስት ሊያሳጣኝ ስለነበረበት ዓርብ ነው።

ጌታነህ እባላለሁ። ሀገሬ መተማ ቆላ ነው። አንድ ክረምት ሰሊጥ አርሜ ልመለስ ብዬ መጣሁ፤ የእርሻው ትራክተር ተበላሸና «እስቲ ልየው» አልኩ፤ ያን ጊዜ ሞተር ውስጥ የገባ እጄ ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣም። ሰው እጄን ያመሰግናል፤ አልዋሽም። አንድ ጉድለት ግን አለብኝ፤ ዐይኔን ገልጬ አልማለሁ። ብሎን እያጠበቅሁ ሐሳቤ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ጓንግ ወንዝ ዳር ይደርሳል፤ እዚያ ቁጭ ይልና እግሩን ውኃ ውስጥ ይነክራል። ሲመለስ ብሎኑ ተበጥሶ ይጠብቀዋል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይሄ ልጅ ሚስት የሚያገባው በሕልሙ ነው» ትል ነበር። አርባ ዓመቴን ስደፍን ቃሏ ሊሠምር ትንሽ ነበር የቀረው።

ለሕልመኛ ሰው ደግሞ ሸዋክ አጠገብ የተኛው የግድብ ሐይቅ ጥሩ ጎረቤት አይደለም። ግድቡ ሳይሠራ እዚያ መሬት ላይ ሰሊጥ አርሜበታለሁ፤ አሁን ያረምሁት ማሳ ከውኃ በታች ነው። ውኃው ጭር ሲል፣ የሰጠሙት ግራሮች ጫፋቸውን ብቻ አውጥተው ሲታዩ፣ ሰው በጀልባ በላያቸው ሲያልፍ ባለፈ ዕድሜው ላይ የሚንሳፈፍ ይመስለዋል። ወደ ታች እያየሁ «እዚህ ጋ የተኛሁባት ጥላ ነበረች፤ እዚያ ጋ ጊንጥ የነደፈኝ» እያልኩ እሄዳለሁ። ውኃውም ቢሆን ባዕድ አይደለም። ከአንገረብና ከጓንግ፣ ከእኛው ቀዬ ወርዶ የመጣ ነው። እኔ ድንበሩን ለመሻገር ስንት ወረቀት፣ ስንት «ቡክራ፣ ነገ ና» አይቻለሁ፤ እሱ አንድ ጠያቂ ሳይኖረው ሲፈስ መጥቶ እዚህ ተጋድሟል። አንዳንዴ እጄን እነክርና «እንደምን ከረምክ» እለዋለሁ። ይቺን ለማንም እንዳታወሩብኝ።

ጀልባዋ የሐጂ ኑሩ ናት። ሐጂ ኑሩ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ስኳርና ሳሙና ይሸጣሉ። ግድቡን ሲሠራ የነበረ አንድ የውጭ መሐንዲስ ለመዝናኛው ያስመጣትን ነጭ ጀልባ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ሲል ከነሞተሯ ገዟት። ምን ሊያደርጉላት ነው ሲባሉ «ለነፍሴ» አሉ። ሀገሩ ጦርነት ላይ ነው፤ ከካርቱም ሸሽቶ የመጣው ሰው ገዳሪፍን ሞልቷታል፤ ሐጂም ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ሳምንቱን ሙሉ የሰው መከራ ሲሰሙ ይከርማሉ። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ጁምዓ ሰግደው፣ ውኃ ላይ ወጥተው ዝም ማለት ይወዳሉ። ነጂያቸው እኔ ነኝ። ሞተሯ ከጀልባዋ ጀርባ ላይ የምትሰቀል፣ ባለ ሦስት ቅጠል ፕሮፔለሯን ውኃ ውስጥ የምታሽከረክር፣ የአሥራ አምስት ፈረስ ጉልበት አላት የምትባል ናት።

ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው ትሉ ይሆናል። ኧረ እነዚያስ ፈረሶች ገብስ ያልቀመሱ ናቸው! ሰው ሲሳፈር ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ፣ ኋላዋን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ትንፏቀቃለች። ዓሣ አጥማጆቹ በመቅዘፊያ እየቀዘፉ አልፈውን ሲሄዱ «ያ ሐበሻ፣ እንጎትታችሁ?» ይሉናል። ሐጂ ኑሩ «ማፊ ሙሽኪላ፤ ችግር የለም፤ የምንቸኩልበት የለን» ብለው ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔም የምቸኩልበት አልነበረኝም። እንዲያውም ቀርፋፋነቷን የምወድበት ምክንያት ነበረኝ። ስሙ ትርንጎ ይባላል።

ትርንጎ የአርማጭሆ ልጅ ናት፤ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበሰች ትሸጣለች። ሳቋ ከሚንጨረጨረው ዘይት በላይ ይሰማል። ታላቅ ወንድሟ አያ ሞላ ከሐይቁ ማዶ ነው ያለው፤ ውኃው ሲሸሽ በሚተወው ጭቃ ላይ ሐብሐብና ባሚያ ይዘራል። ትርንጎ ዓርብ ከሰዓት መጥበሻዋን አጥባ፣ ዱቄትና ስኳር ቋጥራ ልትጠይቀው ትሻገራለች። ሐጂ ኑሩ ያን ጊዜ ወገባቸውን ያማቸዋል። «እኔ እዚሁ ጥላው ሥር ጋደም ልበል፤ አንተ አድርሰሃት ና» ይሉኛል። ወገባቸው የሚያማቸው ዓርብ ብቻ መሆኑን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

የት አስቀምጣት ነበር መሰላችሁ? ከጎኔ ነዋ! ነጂው ሞተሩን ይዞ የሚቀመጠው ከኋላ ነው፤ ከነጂው ጎን ያለው ደግሞ ጋቢና ነው፤ ሴት ልጅን ወደ ፊት፣ ዓሣ አጥማጆቹ ፍየል ወደሚጭኑበት አፍንጫ ልልካት? በዚያ ሁሉ መንገድ ትከሻዋ ትከሻዬን ይነካል። ልንገራት እላለሁ። ከዚያ ነግሬያት፣ እሺ ብላኝ፣ ተጋብተን፣ ልጅ ወልደን፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ አልማለሁ። ልጁ ስንተኛ እንደወጣ ሳላውቅ ማዶ ደርሰናል። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ተመላለስን፤ አንድ ቃል አልወጣኝም።

አንድ ዓርብ እንደ ልማዳችን መሃል ሐይቅ ላይ ስናዘግም፣ ትርንጎ ውኃውን እያየች «ደመቀ ሽማግሌ ሊልክ ነው አሉ» አለች። ደመቀ ወደ ፋሽጋ በኩል የአንድ ትልቅ እርሻ ወኪል ነው፤ ቦክሲ የሚሏት ፒካፕ መኪና አለው። ቦክሲ ደግሞ እውነተኛ ጋቢና አለው፤ በር ያለው፣ መስታወት ያለው፣ ዘፈን ያለው። መቼ ነው አልኳት። ከዛሬ ሦስተኛው ዓርብ ነው አለችኝና፣ «አንተ ግን ሞተርህን እይ» አለች። ውኃው ሁሉ ጭንቅላቴ ላይ የፈሰሰ መሰለኝ። ወደድኳት፤ እሷም አውቃለች፤ እኔ ሞተር እያየሁ ነው!

መቼም ወጋችንን ታውቃላችሁ። ሴቲቱ ራሷ አትጠየቅም፤ ሦስት ሽማግሌ ወደ ታላቋ ይላካል። የአንዱ ሽማግሌ ደጅ ከቆመ ደግሞ፣ እሱ መልስ ሳያገኝ የሌላው አይሰማም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ነገሩ አጭር ነው፤ ቀድሞ አያ ሞላ ደጅ የደረሰ ትርንጎን ይጠይቃል፤ የዘገየ ሐብሐብ በልቶ ይመለሳል። ታዲያ ለምን ቀደም ብለህ አልላክህም ትሉኛላችሁ። የሽማግሌዎቼ አውራ አያ ባየ ናቸው፤ እሳቸው ባሱንዳ እርሻ ላይ ናቸው፤ የሚመለሱትም በዚያ ዓርብ ዋዜማ፣ ሐሙስ ነው። አያ ባየ የሌሉበት ሽማግልና ደግሞ ጨው የሌለው ወጥ ነው፤ ማንም አይጎርሰውም። መንገዱንም አሰላሁት። ቦክሲው ሐይቁን በድልድይ ዞሮ ለመድረስ የሚፈጅበትና የእኛ ጀልባ አቋርጣ ለመድረስ የሚፈጅባት ጊዜ አንድ ነው። ያለኝ ተስፋ እነዚያን አሥራ አምስት ፈረሶች ማስጋለብ ብቻ ሆነ። አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ ይባል የለ?

መጀመሪያ ያደረግሁት የገበሬ ልጅ የሚያደርገውን ነው። ማረሻ ጠልቆ ሲገባ ነው መሬት የሚገለበጠው፤ ስለዚህ ሞተሯን ዝቅ አድርጌ ፕሮፔለሯን ወደ ጥልቁ ሰደድኳት። ውኃን ልታርሰው ነው? ጀልባዋ ጭራሽ ቆመች ማለት ይቻላል። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አየኝና፣ «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይሄ ባሕር ነው፤ ማሽላ ልትዘራበት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ከሳቁ በኋላ ግን አስተማረኝ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባዋ ወለል ጋር መተካከል አለበት አለኝ፤ ከዚያ ዝቅ ካለ ውኃ ይጎትታል፣ ከዚያ ከፍ ካለ አየር ይጠጣል። ከሞተሯ ማቀፊያ ሥር የግራር ጣውላ አስገብቼ ከፍ አደረግኋት። አንድ ጣት ጣውላ የስንት ፈረስ ያህል ሠራ!

ከዚያ ፕሮፔለሯን ፈታሁ። ሦስቱ ቅጠሎች በሰጠሙት ግራሮች ተመትተው እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተሸራርፈዋል። ከጀርባዋ ዘንጉ ላይ የዓሣ መረብ ክር ተጠምጥሟል፤ ጥጥ ሊፈተል የሚበቃ። ክሩን ፈትቼ፣ ቅጠሎቹን በሞረድ ለስልሼ፣ ምስማር ላይ አንጠልጥዬ ሦስቱም እኩል መመዘናቸውን አየሁ። የጀልባዋን ሆድ ገልብጬ አረንጓዴውን ልባስ በአሸዋና በጆንያ ፈተግሁ። ሞተሯ የምትጋደልበትን ማዕዘን የሚይዘውን ዘንግም አንድ ቀዳዳ ወደ ውጭ አወጣሁት። ሥራው ደስ ይላል። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ውኃው የማር መልክ ይይዛል፤ ሞረዱ እዝ እዝ ይላል፤ እኔ ትርንጎን ይዤ ከግራሮቹ በላይ እበራለሁ።

ብቻዬን ስሞክራት በረረች። ወላሂ በረረች! አፍንጫዋ ሰገድ ብሎ፣ ሆዷ ውኃውን ለቆ፣ ዓሣ አጥማጆቹን አልፌ ስሄድ መቅዘፊያቸውን ይዘው ቀሩ። ጮኼ ሐጂ ኑሩን ጠራኋቸውና ከጎኔ አስቀመጥኳቸው። አፍንጫዋ ተነሣ፤ ጀልባዋ ተንፏቀቀች። ሐጂ አስበው አስበው «ይቺ ሞተር ሰው ታፍራለች» አሉ። እኔ ግን ፕሮፔለሩን ጠረጠርኩ። እንደገና ፈታሁት፣ እንደገና ሞረድኩት። ሞተር ካለው አንድ አጥማጅ ሌላ ፕሮፔለር፣ ቅጠሉ ብዙም የማይጠማዘዝ፣ ለጭነት የሚሆን ተዋስኩ። ብቻዬን ይበራል፤ ከሰው ጋር ይንፏቀቃል። ሦስቱ ሳምንት እንዲህ አለቀ።

ዓርቧ ደረሰች። ሽማግሌዎቼ ሦስት ናቸው፤ አያ ባየ፣ የነፍስ አባቴ ቄስ ታረቀኝና ሐጂ ኑሩ። አያ ባየ ሰፊ ሰው ናቸው፤ ነጭ ጋቢ ለብሰው ሲቆሙ የድንኳን ያህል ናቸው። ወግ ቢሆን ኖሮ አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ግን ጀልባ የሚነዳ ሌላ ማን አለ? ማዶ ስንደርስ ሸራ ለብሼ ጀልባዋ ውስጥ ልደበቅ፣ እነሱም አላየንህም ሊሉ ተስማማን። ሐጂ ጁምዓ ሰግደው እንደመጡ መሳፈር ተጀመረ። መሳፈሩ ራሱ አንድ ጉባኤ ነው። አያ ባየ ቄሱን ከነጂው ጎን ይቀመጡ አሉ፤ ቄሱ በሞቴ እርስዎ አሉ፤ ሐጂ ኸረ በአላህ ሁለታችሁም አሉ። ግብዣው ሲዞር ሲዞር ቆይቶ ሦስቱም ከእኔ ጋር ከኋላ ታጨቁ። ፊት ያለው ሰፊ ቦታ ባዶውን ቀረ፤ ማን ከፍየል ቦታ ይቀመጣል?

ገመዱን ፈታሁ፤ ሞተሯን አስነሣሁ። አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ወጣ። ፊት ለፊቴ ሐይቅ የለም፣ ማዶ የለም፤ የጀልባ ሆድና ደመና ብቻ ነው የሚታየኝ። ሞተሯ ታጓራለች፤ እኛ እንንሳፈፋለን። ሽማግሌዎቼ ግን ደልቷቸዋል። ቄሱ ዳዊት ያነበንባሉ፤ አያ ባየ ስለ ባሱንዳ ማሽላ ያወራሉ። በጀልባዋ ጎን አሻግሬ ሳይ፣ ከማዶው ዳርቻ በላይ፣ በድልድዩ መንገድ በኩል አቧራ ተነሥቷል። ረጅም፣ ቀይ፣ የሚሮጥ አቧራ። የደመቀ ቦክሲ! ትርንጎ በዚያ አቧራ ውስጥ፣ በዚያ መስታወት ባለው ጋቢና ስትሄድ ታየኝ። በሕይወቴ ያላማረኝ ሕልም ያ ብቻ ነው።

ከዚያ የጀልባዋን የተቀሰረ አፍንጫ አየሁትና አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ትራክተር ከኋላው ከባድ ማረሻ ሲያነሣ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሣሉ። ያን ጊዜ ምን እናደርጋለን? አፍንጫው ላይ የብረት ሚዛን እንሰቅላለና! ስንት ዓመት ሙሉ የትራክተር አፍንጫ ላይ ብረት የሰቀልኩ ሰውዬ፣ ሦስት ሳምንት ፕሮፔለር ስሞርድ ከረምኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ማለት ይሄ ነው። ፕሮፔለሩ ምንም አልበደለም። ጥፋተኛዋ ጋቢናችን ናት፤ ሁላችንም ጀርባዋ ላይ ተከምረን ወገቧን ሰብረናት ነው።

መድኃኒቱ ተገኘ፤ ግን ማን ይናገረዋል? በዚያ ቀን፣ ስለ እኔ ሊለምኑ የተነሡ ሦስት ታላላቆች፣ «አባቶቼ፣ እስቲ ወደ ፍየሉ ቦታ ዞር በሉልኝ፤ ክብደታችሁን እንደ ብረት ልጠቀምበት» ልበል? አያ ባየ ጀልባውን አስመልሰው ይወርዱ ነበር። ዝም ካልኩ ደግሞ አቧራው ይቀድመኛል። ከዚያ ምላሴ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ «አባቶቼ፣ ማዶ ስንደርስ መጀመሪያ መሬት የሚረግጠው አፍንጫዋ ላይ ያለው ሰው ነው» አልኩ።

ቄስ ታረቀኝ ማነብነባቸውን አቆሙ። አያ ባየ የጀልባዋን አፍንጫ አዩት፤ እንደገና አዩት። ታናሽ ቀድሟቸው ሲወርድ በሐሳባቸው መጣባቸው መሰለኝ፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡና በመቀመጫዎቹ ላይ እየተረማመዱ አፍንጫው ላይ ዘፍ አሉ። ቄሱም መስቀል ሳይቀድም እንዴት ይሆናል ብለው ተከተሉ። ሐጂ ኑሩ ጀልባዋ የእኔ አይደለችም ወይ ብለው ሄዱ። አሁን ሦስቱም ፊት ተከመሩ! አፍንጫዋ ሲደፋ ኋላዋ ተነሣ፤ ፕሮፔለሩ አየር ጠጥቶ እሪ አለ፤ ሐይቁ በአፍንጫዋ ገብቶ የቄሱን ጥምጣምና የአያ ባየን ጋቢ አጠመቀ። ሽማግሌ የላክሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ልብስ ነከራ ነው የወጣሁት! ደግነቱ ሐጂ ኑሩ ነጋዴ ናቸው፤ ሚዛን ያውቃሉ። ውኃው ጉልበታቸው ሲደርስ «የአስታራቂ ቦታው መካከል ነው» ብለው ተመልሰው ወገቧ ላይ ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ሆነ። እንዴት ልንገራችሁ? ጀልባዋ ተነፈሰች። ሆዷ ውኃውን ለቀቀ። የሞተሯ ጓጓታ ቀጥኖ እንደ ንብ ድምፅ ሆነ፤ ግራሮቹ በግራም በቀኝም ይሸሻሉ፤ ያረምሁበት ማሳ፣ የተኛሁባት ጥላ፣ ጊንጡም ጭምር ከሥሬ እየነጎዱ ያልፋሉ። ቄሱ በአንድ እጃቸው ጥምጣማቸውን፣ በአንዱ መስቀላቸውን ይዘው «ማረን ማረን» ይላሉ፤ አያ ባየ ግን እንደ ልጅ ይስቃሉ። ሐጂ ኑሩ ዐይናቸውን ገልጠው ነበር፤ ዓርብ ቀን ዐይናቸውን ሲገልጡ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ። ፈርቼም ደስ አለኝ።

ማዶ ደረስን። አያ ባየ ቀድመው ወረዱ፤ እኔ ሸራዬ ውስጥ ገባሁ። በቀዳዳ ሳይ አቧራው ከኮረብታው ብቅ አለ፤ ከአቧራው ውስጥ በግ ወጣ። አንድ ሁለት አይደለም፣ መንጋ በግ፣ ከኋላውም አንድ ዘላን በግመል። ለእነዚህ በጎች ነው እንግዲህ ቄስ በውኃ የነከርሁት! የደመቀ ጎማ በዚያ ዓርብ ተበስቶ መንገድ ላይ እንደዋለ በኋላ ሰማሁ።

ሽማግሌዎቼ ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ሐጂ ኑሩ የነገሩኝ እንዲህ ነው። አያ ሞላ በአክብሮት ተቀብሏቸዋል፤ ዓርብ ጾም ስለሆነ ሐብሐብ ቆርሶ አቅርቧል፤ የመጡበትንም እስከ መጨረሻው ሰምቷል። ከዚያ ከጋቢያቸው ጠብ ጠብ የሚለውን ውኃ አየና፣ «አባቶቼ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ግን እኔ ሽማግሌ ሲሮጥ ያየሁት ቤት ሲቃጠል ብቻ ነው። የማን ቤት ነው የተቃጠለው? ምን የሚደበቅ ነገር ቢኖረው ነው ሰውዬው እንዲህ ያስሮጣችሁ?» አላቸው። ስለ ሚዛን ቢያስረዱት አልገባውም። አልከለከላቸውም፣ አልፈቀደላቸውም። «የዛሬ ሳምንት ኑ፤ ቀስ ብላችሁ ኑ» ብሎ ሸኛቸው። ሸራው ውስጥ ሆኜ ባለቅስ ማን ያየኛል? አለቀስኩ።

ታዲያ ደመቀስ ትሉኛላችሁ። ማክሰኞ ዕለት ጎማው ተሠርቶ፣ ሽማግሌዎቹን በጋቢናው ጭኖ፣ በዚያው ፍጥነት መጣላችሁ። አያ ሞላ ደጁ ላይ ደርቆ ተፈጭቶ ዌካ የሚባለው የወጥ ዱቄት የሚሆነውን ባሚያ ቆራርጦ በሰሌን ላይ አስጥቶ ነበር፤ ቦክሲው በላዩ ሲቆም ባሚያውና አቧራው አንድ ሆነ። አያ ሞላ ለፊተኞቹ ሽማግሌዎች መልስ ሳልሰጥ የሌላ አልሰማም አላቸው፤ ባሚያውን ግን ሳይለቅሙ አልለቀቃቸውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ሦስት ሽማግሌ አጎንብሰው ሲለቅሙ ያየ አለ።

በዓርቧ ሦስቱንም ከጎኔ፣ ከጋቢናው አጨቅኋቸው። አፍንጫዋ ደመና ነካ። ሳንቸኩል፣ ሳንረጥብ፣ በሙሉ ማዕረጋችን ተንፏቀቅን። አያ ሞላ ከማዶ ሆኖ ትንኝ ከምናክልበት ጀምሮ ሲያየን ቆየ። ሰውን ለረጅም ጊዜ ሲመጣ ካየኸው መናፈቅህ አይቀርም፤ ያን ያህል ሰዓት ሲመጡ ያያቸውን ሽማግሌዎች ባዶ እጃቸውን መመለስ አልቻለም። ምንጣፍ ለማንጠፍ፣ ሽሮ ለመሥራት፣ ልቡንም ለማለስለስ ጊዜ አገኘ። እሺ አለ። ሸራው ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ አለቀስኩ።

ከሰርጋችን በኋላ በመጀመሪያው ዓርብ ትርንጎን ይዤ ወንድሟን ልንጠይቅ ወጣን። እኔ አሁን የተማርኩ ሰው ነኝ፤ እየፈራሁም ቢሆን ፊት ብትቀመጪ ጀልባዋ ትነሣለች አልኳት። ሄዳ ፊት ተቀመጠች። ጀልባዋ በረረች። ሻሿንና ጀርባዋን ብቻ ሳይ፣ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ፣ አንዲት ሕልም እንኳ ሳልጀምር ማዶ ደረስን። ስንመለስ ግን አልጠየቀችኝም። ዱቄት የነበረበትን ጆንያ በሐብሐብ ሞልታ፣ እሱንም ይዛ መጥታ ከጎኔ ቁጭ አለች። ትከሻዋ ትከሻዬን ነካ። የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ሰማይ ወጣ፤ አሥራ አምስቱ ፈረሶች አንገታቸውን ደፍተው በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። ዓሣ አጥማጆቹ እየቀዘፉ አለፉን። እኔ የማልመው ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ ያ ሁሉ ሕልም ከጎኔ ተቀምጦ ሐብሐብ ይልጣል።

ዳር ስንደርስ ሐጂ ኑሩ ከጥላው ሥር ተነሡ። ቤንዚኑ የእሳቸው ነው፤ ቤንዚን ደግሞ በዚህ ዘመን እንደ ጠበል በጠብታ ነው የሚገኘው። «ጌታነህ፣ ስትሄድ የበረረች ጀልባ አሁን ምን ነካት?» አሉኝ። ዐይኔን ሰብሬ፣ «ፕሮፔለሩ ነው መሰለኝ፣ ሐጂ» አልኳቸው።

ሐጂ ትርንጎን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወገባቸውን ያዝ አደረጉና፣ «እሱማ አየሁት» አሉ፤ «ጋቢና ተቀምጦ ሐብሐብ ሲልጥ።»